አትሌት ልንሆን ነው ወይስ ጤነኛ?

«ስፖርት ልጀምር ነው፤ ምን ትመክረኛለህ?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በቅድሚያ የማቀርብለት ጥያቄ «ለምን?» የሚል ነው። አብዛኛው ሰው ጥያቄውን እንደ ቀልድ ያየዋል። «ለጤና ነዋ!» ይለኛል። ምን ምን እየሠራ እንደሆነ ሲዘረዝርልኝ ግን የምሰማው የሯጭ ፕሮግራም ነው። በቴሌቪዥን ያየው፣ ሯጭ ከሆነ ጓደኛው የሰማው ወይም ከስልኩ ላይ ያገኘው ይሆናል። ለጤና የሚደረግ የአካል ብቃት እንቅስቃሴም ሆነ ለውድድር የሚደረግ የአትሌት ልምምድ በእኛ አነጋገር ሁለቱም «ስፖርት» ናቸው። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ዓላማቸውም፣ መጠናቸውም፣ የሚያስከፍሉት ዋጋም ለየቅል ነው።

ይህን ልዩነት አጥብቄ እንዳስብበት ያደረጉኝ በጉንደ ወይን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኜ ያሳለፍኳቸው ዓመታት ናቸው። ለማያውቋት አንባቢያን፣ ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት፤ በጮቄ ተራራና በዓባይ ሸለቆ መካከል ባለው ደጋ ላይ ትገኛለች። በዚያን ጊዜ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከከተማዋ በሚያስወጣው መንገድ ሦስት ዓይነት ሰው አይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መምህራን፣ የባንክና የወረዳ ሠራተኞች፣ የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ ቦርጭ ለመቀነስ ወይም «ስኳርና ደም ግፊት ሳይቀድሙኝ» ብለው የሚሮጡ። ሁለተኛዎቹ አትሌት ለመሆን የቆረጡ የ14 እና የ15 ዓመት ታዳጊዎች ናቸው። ሦስተኛዎቹ ደግሞ አህያቸውን ጭነው ወደ ገበያ የሚገሰግሱ፣ ስፖርት እየሠራችሁ ነው ቢባሉ የሚስቁ የገጠር ሰዎች ነበሩ። የሚገርመው ታዲያ የመጀመሪያዎቹና የሁለተኛዎቹ ልምምድ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ያውም ለሁለቱም የማይሆን ልምምድ!

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። ሰውነት የሚለወጠው በታዘዘው ልክና በታዘዘው አቅጣጫ ነው። በየቀኑ ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ልቡ በአንድ ምት ብዙ ደም መርጨት ይለምዳል፤ በእግሩ ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን የሚያደርሱ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበዛሉ። ክንዱና ደረቱ ግን ለእሱ ትርፍ ሸክም ናቸውና እየቀጠኑ ይሄዳሉ። በሌላ በኩል 150 ኪሎ ከመሬት አንስቶ ከጭንቅላቱ በላይ ሲያቆም የምናጨበጭብለት ክብደት አንሺ ሦስት ፎቅ ደረጃ ሲወጣ ሊያለከልክ ይችላል። ሁለቱም በሙያቸው የተዋጣላቸው ናቸው። አትሌት ማለት እንግዲህ ከሰውነቱ አንዱን ችሎታ እስከ ጥግ ለማውጣት ሌላውን የሚሠዋ ባለሙያ ነው። እንጀራው ነው፤ ጉዳቱንም አውቆ የሚገባበት ነው።

የአካል ብቃት ሲባል ግን የልብና የሳንባ ብርታት፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ የመገጣጠሚያዎች እንደልብ መታጠፍና መዘርጋት፣ ሚዛን መጠበቅ፣ የተመጣጠነ ክብደት ሁሉ አንድ ላይ ነው። የትኛውም ጥግ ድረስ እንዲሄድ አይጠበቅም፤ የሚፈለገው አንዱም እንዳይጎድል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ነው፤ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ። 150 ደቂቃ ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን የ30 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ማለት ነው። የማራቶን አትሌት ደግሞ በሳምንት ከ160 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችላል። ልዩነቱ የመጠን ብቻ አይደለም። አትሌቱ ከጠዋት ልምምዱ በኋላ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይታሻል። የባንክ ሠራተኛው ግን ሮጦ ሲመለስ በቀጥታ ወንበሩ ላይ ሄዶ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ ወር ሲዘጋማ አምሽቶም ሒሳብ ያመሳክራል። ልምምድ ሰውነትን ያደክማል፤ የሚገነባው ዕረፍት ነው። አትሌቱ ለመገንባት ጊዜ አለው።

ሌላም አለ። እኛ ከአትሌቱ የምንቀዳው ትክክለኛውን ነገር አይደለም። ቴሌቪዥን የሚያሳየን ኃይሌ ወይም ቀነኒሳ በመጨረሻው ዙር ሲያፈተልክ ነው። እንጦጦና ሱሉልታ ጫካ ውስጥ ግን አትሌቶቻችን ብዙውን ኪሎ ሜትር የሚሮጡት ቀስ ብለው፣ በዛፎች መካከል እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ ነው። በረጅም ርቀት ስፖርቶች ከፍተኛ ደረጃ የደረሱ አትሌቶች ሲጠኑ በተደጋጋሚ የታየው ከልምምዳቸው 80 ከመቶ ያህሉ ቀላል በሚባል ፍጥነት የሚሠራ መሆኑ ነው። የጉንደ ወይን የቢሮ ሠራተኞች ግን በየቀኑ የመጨረሻውን ዙር ነበር የሚሮጡት።

ከእነሱ አንዱን ላንሳ። በሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ የነበረ የባንክ ሠራተኛ ነው። ከዜሮ ተነስቶ በአንድ ወር ውስጥ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ ጀመረ። «ትንፋሼ ተከፈተ!» እያለ በደስታ ይነግረኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያሳያሉ። ጅማትና አጥንት ግን ቀርፋፎች ናቸው፤ የሚጠነክሩት በወራት ነው። እንዲያውም አጥንት አዲስ ጫና ሲገጥመው በቅድሚያ ያረጀውን ክፍል አፍርሶ ነው አዲሱን የሚሠራው፤ በመካከሉ የሚሳሳበት ጊዜ አለ። ጀማሪ ሯጭ በሁለተኛው ወር ገደማ ትንፋሹ «ጨምር» ሲለው እግሩ ገና «ቆይ» የሚልበት ምክንያት ይኸው ነው። ሰውዬው በሰባተኛው ሳምንት ቅልጥሙን ያመው ጀመር። ሲሮጥ ያመዋል፣ ሲያርፍ ይተወዋል። እልህ ያዘውና ቀጠለ። ቆይቶ ሌሊትም ይቀሰቅሰው ጀመር። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ በቅቤ ታሸ፤ በማግሥቱ እግሩን መርገጥ አቃተው። በኋላ ራጅ ሲነሳ አጥንቱ ተሰንጥቆ ተገኘ።

ወጌሻን ለመውቀስ አይደለም። በኳስ ሜዳችን እንኳ የቡድኑን ሕክምና ባለሙያ እስከ ዛሬ «ወጌሻ» ነው የምንለው። ይሁን እንጂ መለየት ያለበት ነገር አለ። ወለምታ ወይም የጡንቻ መሰንጠቅ ሲያጋጥም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የተጎዳው ቦታ ከውስጥ ይደማል፣ ያብጣል። በዚያን ጊዜ ማሸት፣ መጎተትና ማሞቅ ያባብሰዋል። የሚሻለው ማሳረፍ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝ፣ በፋሻ ማሰርና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ጣት በሚያክል ቦታ ላይ ብቻ የሚያም፣ ሲጫኑት የሚወጋ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም ግን መታሸት የለበትም፤ ሐኪም ይየው።

ደጋው ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። «እኛ ደገኞች ነን፤ ለምደነዋል» የሚለው አባባል መሠረት የሌለው አይደለም። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች አምባራስ በተባለ ቦታ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳትመዋል። የሰዎቹ የሄሞግሎቢን መጠንም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ነበር። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፤ የቲቤቶቹ የኦክስጅን ሙሌታቸው ይቀንሳል፤ የእኛዎቹ ከሁለቱም ተለዩ። ነገር ግን ይህ እዚያው ተወልዶ ላደገ ነው። ከድሬዳዋ ተዛውሮ የመጣ ወይም ከውጭ አገር ለዕረፍት የገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በእግር ጉዞ ቢያሳልፍ ይሻለዋል። ተወላጁም ቢሆን ደገኛ መሆኑ ወንበር ላይ የተቀመጠበትን 15 ዓመት አይሰርዝለትም።

ስለ ሦስተኛዎቹ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ልበል። ገበሬው ይራመዳል፣ ይሸከማል፣ ይቆፍራል፤ በአካል ብቃት ከብዙዎቻችን ይበልጣል። ወገቡን ግን ጠይቁት! በአጨዳ ወቅት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ሳያውቀው አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ብቻ የሚደጋግም ባለሙያ ሆኗል፤ እንደ አትሌቱ ሁሉ የሚጎዳውም እዚያው በሚደጋግመው ቦታ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስቡኝ ታዳጊዎቹ ናቸው። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብሔራዊ ቡድን አትሌቶቻችን ላይ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናት ከማራቶን ሯጮቹ 73 ከመቶ የሚሆኑት ከአርሲና ከሸዋ የመጡ መሆናቸውን፣ 68 ከመቶ ያህሉም በልጅነታቸው ትምህርት ቤት እየሮጡ ይመላለሱ እንደነበር አሳይቷል። ሰው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። «በልጅነቱ ካልሮጠ አይሆንም፤ ቶሎ ይጀምር» ይባላል። እነዚያ ልጆች ግን ልምምድ አልነበረም የሚሠሩት። ሰዓት ይዞ የሚጮህባቸው አሠልጣኝ አልነበረም። የገጠር ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ዛፍ ይወጣል፣ ይታገላል፣ ገና ይጫወታል፣ ውኃ ይቀዳል፤ ሲረፍድበት ይሮጣል። ሁሉን አቀፍ የአካል ብቃት ማለት ይኸው ነው። ልዩ ሥልጠናው የመጣው በዚህ መሠረት ላይ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር።

እኔ የማውቃቸው ታዳጊዎች ግን ቁርስ ሳይበሉ 15 ኪሎ ሜትር በኮረኮንች መንገድ ይሮጣሉ፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አቀበት ላይ ፍጥነት ይሠራሉ። ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ የላቸውም። የልጅ አጥንት የሚያድገው ጫፎቹ አካባቢ ካለ ገና ያልጠነከረ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ሳይጠነክር ያው አንድ ጫና በየቀኑ ሲደጋገምበት ከጉልበት በታች ወይም ተረከዝ ላይ ሕመም ይጀምራል። «ያድግሃል፤ ቻለው» የሚል አሠልጣኝ ልጁን እየጎዳው ነው። የምግቡ ነገርም አለ። የ14 ዓመት ልጅ የሚበላው ለማደግ፣ ለመማርና ቤተሰቡን በሥራ ለማገዝ መብቃት አለበት። በዚያ ላይ በሳምንት 80 ኪሎ ሜትር ሲጨመር ከየት ይምጣ? ሴት ልጆች ላይ ምልክቱ የወር አበባ መቅረት ነው። «ገላገለኝ» ብላ የምትደሰት ተማሪ አጋጥማኛለች። ሰውነቷ ግን ጉልበት አጥሮት ቤቱን እየዘጋ ነው፤ አብሮም አጥንቷ ይሳሳል። ይህ ሲያጋጥም ልምምድ መቀነስ፣ ምግብ መጨመርና ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ሳይጠጣ የሚቆይ ሰው ጠንካራ ልምምድ ማለዳ ሠርቶ ቀኑን ሙሉ በውኃ ጥም ከሚውል፣ ቀለል ያለውን ብቻ ከመብያ ሰዓቱ ትንሽ ቀደም አድርጎ ቢሠራ ይሻለዋል። ከጾም ምግባችን ምስርና ሽምብራ ብረት አላቸው፤ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኝ ብረት ግን በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲታከልበት ያግዘዋል፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ይከለክሉታል። ስለዚህ ሯጭ ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢያርቅ ይጠቀማል። ይህን ለጎጃም ሰው መንገር ቀላል አይደለም።

ጫማም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ባዶ እግር መሮጥ እግርን ያጠነክራል የሚል ወሬ ከ15 ዓመታት በፊት ገደማ ከምዕራቡ ዓለም መጥቶ ነበር፤ የአበበም ስም ይነሳበታል። በሰው ሠራሽ መሮጫ ላይ ለሚሮጥ አሜሪካዊ ክርክሩ ሊያስኬድ ይችላል። በምሥራቅ ጎጃም ግን አይሆንም። በዚህ አካባቢ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ሕዝቡ ከዝሆኔ የማይለየው የእግር እብጠት በስፋት ይታያል። መንስኤው ትንኝ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ነው፤ ደቃቅ ብናኙ ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ እየገባ የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቧንቧዎች ይዘጋል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ነው። አበበም ቢሆን ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ጫማ አድርጎ ነው።

አሁን ወደ ልብ እንምጣ። በ1997 ዓ.ም. የቀነኒሳ በቀለ እጮኛ የነበረችው የ18 ዓመቷ አትሌት ዓለም፣ ከእሱ ጋር ልምምድ እየሠራች ሳለ ወድቃ ሕይወቷ አልፏል። ከዚያ ከሁለት ዓመት በፊት በ1,500 ሜትር የታዳጊዎች የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። ብዙ ሰው በወቅቱ «ሯጭ እንዴት በልብ ይሞታል?» ብሎ ጠይቋል። አሜሪካዊው ጂም ፊክስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ ሩጫ በጻፈው መጽሐፍ ሚሊዮኖችን ያስሮጠ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በ52 ዓመቱ እየሮጠ ሳለ ሞተ፤ ሲመረመር የልቡ ደም ሥሮች ተዘግተው ተገኙ። አባቱም በ43 ዓመታቸው የሞቱት በልብ ሕመም ነበር። ይህን ሰምቶ ሩጫ የተወ ሰው ግን ሌላ ስህተት ሠራ። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010 በአሜሪካ ማራቶንና ግማሽ ማራቶን የሮጡ 10.9 ሚሊዮን ተሳታፊዎችን የተከታተለ ጥናት 59 ሰዎች ልባቸው እንደቆመ መዝግቧል፤ ከ184 ሺህ ሰው አንዱ ማለት ነው። በአብዛኞቹ ላይ ቀድሞ የነበረ የልብ ችግር ተገኝቷል። ሩጫው ያንን ቀድሞ የነበረ ችግር ገለጠው እንጂ ከምንም ተነስቶ አልፈጠረውም።

ለእኛ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ከዓመታት በኋላ የልብ በር ያበላሻል፤ በአገራችን ወጣቶች ላይ ከሚታዩት የልብ ሕመሞች ዋነኛው ይህ ነው። ብዙዎቹ ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። በመሆኑም አንድ ታዳጊ «ፕሮጀክት» ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጤና ባለሙያ በማዳመጫ ልቡን ቢያዳምጠው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለአዋቂው ደግሞ የደም ግፊት መለካት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ አብዛኞቹም ተለክተው አያውቁም። እንቅስቃሴ ላይ ሳሉ ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ያለ ልክ የሆነ የትንፋሽ ማጠር ካጋጠመዎት ያኔውኑ ያቁሙ፤ «ትንሽ ልጨርስ» አይበሉ። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንት የጥቁር ሻይ ቀለም ከያዘም የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን እያስቸገረ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል።

በከተሞቻችን የተለመደው ማስ ስፖርት ሰውን ከቤት ማውጣቱ ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የ22 ዓመቱ አሠልጣኝ መድረክ ላይ ሆኖ «ዝለሉ!» ሲል የ55 ዓመቷ የቢሮ ኃላፊም አስፋልት ላይ እኩል ትዘላለች። መዝለሉን ወደ እርምጃ ብትቀይረው ማንም አይቀየማትም። ታላቁ ሩጫም እንዲሁ ነው። ኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ተጀምሮ በኋላ ከ40 ሺህ በላይ ሰው የሚሳተፍበት ሆነ፤ አብዛኛው ሰው 10 ኪሎ ሜትሩን እየዘፈነና እየተራመደ ነው የሚጨርሰው። እንደኔ እንደኔ ትክክለኛዎቹ እነሱ ናቸው። የሚያሰጋኝ አንድ ወር ሲቀረው ልምምድ ጀምሮ ጓደኛውን ለመቅደም የሚሮጠው ነው።

ለጉንደ ወይን ባልደረቦቼ ያወጣሁላቸው ፕሮግራም እንደሚከተለው ነበር። የመጀመሪያውን ወር በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፤ ስለ ደመወዝ ጭማሪ እያወሩ መሄድ እስከቻሉ ድረስ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ መዝፈን ከቻሉ ግን ትንሽ ይጨምሩ። በሁለተኛው ወር አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤ ሁለት ቀን በተከታታይ ግን አይሮጥም። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ ቁጭ ብድግ፣ በግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፣ ውኃ የሞላ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን በሁለት እጅ ይዞ ግቢ ውስጥ መመላለስ። የደጋ ማለዳ ስለሚቀዘቅዝ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ለማሟሟቂያ ናቸው። በተለይ አጥብቄ የነገርኳቸው ስለ ቁልቁለት ነው። አቀበት ትንፋሽ ይፈታተናል እንጂ እግርን ብዙም አይጎዳም፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ግን ጉልበትና ጭን በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት ፍሬን ይዘው ነው የሚያስቆሙት። ስለዚህ ሽቅብ መሮጥ ይቻላል፤ ቁልቁል በእርምጃ። የባንኩ ሠራተኛ ሦስት ወር አርፎ ሲመለስ የጀመረው በዚህ ነው። ታዳጊዎቹ ቁልቁለቱ ላይ እየሮጡ ሲያልፉት «ጋሼ፣ ደከመዎት እንዴ?» ይሉት ነበር፤ እሱም «እናንተም ቀስ በሉ» ይላቸዋል። ክረምት ሲገባና ጭቃው ሲያስቸግር ሩጫውን ትቶ ጀሪካኑን ብቻ ይዞ ከርሟል።